በቁሟ የመጣችው ዶሮ

ስንዱ ዱባይ ከገባች ጀምሮ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። አሥር ዓመት አልፏታል። ለማዳም «ሆዴን ያመኛል» ትላታለች፤ ማዳምም ሥጋ የማትቀምስ ወጥ ቤት መቅጠሯን ለጓደኞቿ እያወራች ትስቃለች። እውነቱ ሌላ ነው። ከመርሐቤቴ ስትወጣ እናቷ እስከ መኪናው ሸኝታት «የምትሄጅበት አገር እርዱ የእኛ አይደለም፤ አደራሽን» ብላታለች። እናቷ ከዚያ በኋላ ዓመት ሳትሞላ ሞተች። የሞተ ሰው አደራ ደግሞ ተመልሶ የሚሰጥበት ቦታ የለውም። ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸው ሴቶች «እግዜር የሚያየው ልብ ነው፣ ዝም ብለሽ ብዪ» ሲሏት «ለእናንተ ይፍቀድላችሁ» ትላለች። ግትር ናት ስንዱ። እሷ ግን ግትርነቷን ጽናት ትለዋለች፤ አሥር ዓመት ሙሉ የተከራከራት ሰው ስላልነበረም ስሙ እንደዚያው ጸንቶ ቀረ።

የምትሠራበት ቤት ሚርዲፍ ነው፤ ከፊቱ ሣርና አበባ ያለው ቪላ። የፊቱ አትክልት የማዳምና የዩኑስ ነው። ዩኑስ ከባንግላዴሽ የመጣ አትክልተኛ ነው፤ በብስክሌቱ እየመጣ በብርዱ ወራት አበባ ይተክላል፣ ሙቀቱ ሲገባ ያንኑ የተከለውን ነቅሎ ይጥላል። ለዚህም ይከፈለዋል። የስንዱ ድርሻ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል ያለችው መሬት ናት፤ ብትሰፋ አንድ አልጋ ታክላለች። አሸዋውን ከዩኑስ በለመነችው ጥቁር አፈር ለውሳ፣ ዴይራ ዕቃ ልትገዛ የመጣች ነጋዴ ከአገር ባመጣችላት ዘር በሶብላ፣ ጤና አዳምና ቃሪያ አብቅላባታለች። ውሃው ከኤሲው ነው። በብርዱ ጊዜ ኤሲው ዝም ስለሚል በጆግ ታጠጣለች፤ መጋቢት ላይ ቤቱ መሞቅ ሲጀምር ማዳም ኤሲውን ታስከፍታለች፣ ቱቦውም ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ስንዱ ፋሲካ መቃረቡን ታውቃለች።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ይቺን መሬት የምትኮተኩታት ከመሕቡባ ጋር ነው። መሕቡባ የወሎ ልጅ ናት፣ ከሐይቅ በላይ፤ የማዳምን ልጆች ትይዛለች። በዕድሜ የስንዱ ልጅ ብትሆን አይበዛባትም፤ «እትዬ ስንዱ» እያለች ትጠራታለች፣ ግን አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ ከአንድ ሰሃን ይበላሉ። ዘንድሮ ረመዳኑና ሁዳዴው ገጠሙና በአንድ ወጥ ቤት ሁለት ጿሚ ሆኑ። መሕቡባ ሳይነጋ ልትበላ ለሱሑር ስትነሣ ስንዱን ለጸሎት ትቀሰቅሳታለች። ማታ አዛን ሲል ስንዱ ቴምሩንና የጾም ወጡን አቅርባ አብረው ይቀምሳሉ። የስንዱን የጾም ዳቦ የምትጋግረው መሕቡባ ነበረች። ቅቤና ወተት እንዳይነካካው ብላ መጥበሻውን ለይታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከፍ ያለ ቦታ ትሰቅለዋለች። ስንዱ ራሷ እንዲያ አትጠነቀቅም።

ለዒድ ማዳም ቤት እንግዳ በዝቶ ድስቱ ሁሉ ሥጋ ነበር። ስንዱ ለሰው ሥጋ ስትሠራ ዋለችና ሲመሽ ለራሷ ምስር ጣደች። መሕቡባ አጠገቧ ቆማ አየቻት።

«እትዬ ስንዱ፣ ያንቺ በዓል ሲደርስስ ምን ትበያለሽ?»

«ዕንቁላል ነዋ።»

«ሥጋውን የተውሽው እውነት ሆድሽን ስለሚያምሽ ነው?»

ስንዱ ሽንኩርቷን መክተፏን አላቆመችም። «ሆዴስ ደኅና ነው። እናቴ አደራ ብላኝ ነው። በራሴ ሰው እጅ የታረደ ካገኘሁ እበላለሁ፣ እስከዚያው ዕንቁላል አለ። ዕንቁላል ሃይማኖት የለውም።»

መሕቡባ ሳቀች፤ ያንን ሳቋን ልጆቹ ሲሰሙ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይስቁላታል። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አላነሣችውም። ስንዱም የረሳችው መሰላት።

በዚያው ሰሞን ዐጅማን የሚኖሩት የማዳም እናት ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። የቤቱ ሰው ሁሉ ማማ ከቢራ ይላቸዋል። እሳቸውን የምትጦረው አስያ ብቻዋን አልቻለችምና ማዳም መሕቡባን ልትልካት ፈለገች። መሕቡባ «ከፋሲካ በኋላ» እያለች አዘገየቻት። ማዳም ገርሟት «አንቺ ሙስሊም አይደለሽም እንዴ? ፋሲካ ምንሽ ነው?» ብትላት «የእትዬ ስንዱ በዓል ነው» አለቻት። ስንዱ ይህን ከማዳም አፍ ሰማች። በሰው አገር እንዲህ ያለ ሰው መስጠቱ ተመስገን አለች።

ስቅለት ዕለት ማዳም ፈቀደችላትና ስንዱ ማልዳ ኡድ ሜታ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወረደች። አክፍላ ነበር፤ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ቀኑን ሙሉ ከሕዝቡ ጋር ስትሰግድ ዋለች። ሲያበቃ ቄሱ ጀርባዋን በወይራ ቅጠል ነካ ነካ አድርገው «በይ ልጄ፣ የበደለሽን ይቅር ብለሽ ግቢ» አሏት። «ይቅር ብያለሁ አባ» አለች። ያኔ የበደላት ሰው ስላልነበረ ይቅር ማለቱ አልከበዳትም።

በሜትሮውም በአውቶቡሱም ቆማ መጥታ ሚርዲፍ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፣ ራሷ ይዞርባታል። ያማራት አንድ ነገር ነበር፤ ከኤሲው ቱቦ አጠገብ ቁጭ ብላ በሶብላዋን እያሸተተች እግሯን መዘርጋት። የወጥ ቤቱን ጥግ ስትዞር መሬቷን አጣቻት። ጤና አዳሙ ከነሥሩ ተገልብጧል፣ በሶብላው ተረጋግጧል፣ ከቃሪያው ችግኝ የቆመ አንድ የለም። በመሀሉ አንዲት ቀይ ዶሮ አፈሩን ወደ ኋላዋ እየበተነች ትጭራለች። መሕቡባ ደግሞ ባንድ እጇ ገመድ፣ ባንድ እጇ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ትከተላታለች።

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል። ይቺኛዋ ካራውን ያወጣችው ለራሷ ብቻ አልነበረም። መሕቡባ ቢላዋውን ያነሣችው ገመዱን ልትቆርጥበት ነው፤ ዶሮዋ ከመጀመሪያው ማሰሪያ አምልጣባት ነበር። ስንዱ ግን ቀኑን አሰበች፣ ቢላዋውን አየች፣ የፈረሰውን መሬት አየች፤ ከዚያ በላይ ልታስብበት አቅሙም አልነበራት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

መሕቡባ ቀና አለች፤ ፊቷ በፈገግታና በድንጋጤ መሀል ነበር። «ወይኔ እትዬ ስንዱ፣ ቀደምሽኝ። ከሻርጃ ነው ያመጣኋት። ማዳም ስትጠራኝ ገብቼ፣ ለካ ገመዱን...»

«በስቅለት ቀን? እኔ ስሰግድ ስውል አንቺ እዚህ ደም ልታፈሺ?»

«አይደለም እኮ፣ ዋላሂ፣ እሷ ያንቺ...»

«ዋላሂሽን ለራስሽ ያዢው።» ረኃቡም፣ ድካሙም፣ የጤና አዳሙም ንዴት ተደራርቦ ምላሷ ላይ ወጣ። «ድንበር ከማያውቅ ሰው ጋር ነው ለካ ስበላ የኖርኩት። እናንተ አገር ጾሙም በዓሉም የተደባለቀ ነው ሲሉኝ አላምንም ነበር። ከእንግዲህ አንቺ በእጅሽ የነካሽውን አልቀምስም። ሰማሽኝ? በእጅሽ የነካሽውን።»

መሕቡባ ቢላዋውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ዶሮዋን ይዛ ቧንቧው ሥር አሰረቻትና እጇን መታጠብ ጀመረች። ብዙ ታጠበች። ከዚያ «እሺ» ብላ ገባች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ስንዱ ገና ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ደንገጥ ብላ ነበር፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ነገር ግን ታላቅ ናት፣ ታላቅ ሲሳሳት ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ታናሽ መጥታ «አጥፍቻለሁ» እስክትል ጠበቀች። ታናሺቱ አልመጣችም። በዚያች ጠባብ ክፍል ጀርባቸውን ተሰጣጥተው አደሩ።

ጠዋት መሕቡባ ሻንጣዋን ዘግታ ቆማ ነበር። ለማዳም «ዛሬውኑ ዐጅማን እሄዳለሁ» ብላታለች፤ ማዳምም ደስ ብሏት ሾፌሩን አስነሥታለች። የያዘችው ሲም ካርድ የቤቱ ስለሆነ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«እትዬ ስንዱ፣ ዶሮዋን ውሃ አጠጫት። ማታ የሚመጣ ሰው አለ።»

ስንዱ ድስት እያጠበች ነበር። አልዞረችም።

«ለበዓሉ በሰላም ያድርስሽ።»

አሁንም አልዞረችም። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች፣ ከዚያ የግቢው በር።

«የሚመጣ ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ ስንዱ ማንንም ሳትጠይቅ ወሰነች። አንዱ የመሕቡባ ወዳጅ ነው፤ በበዓሏ ዋዜማ መጥቶ በፈረሰው መሬቷ ላይ ዶሮውን አርዶ ሊሄድ ነው። ነገሩ ሲብላላባት ቆየና ዩኑስ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ሲያስደግፍ ጠራችው። «ይቺን ውሰዳት፣ ኸላስ፣ ዳግመኛ እንዳላያት» አለችው። ዩኑስ ዶሮዋን አየ፣ ስንዱን አየ። «ሙሽኪላ የለም? ችግር የለም?» ሲል ጠየቃት። የሰው ንብረት መሆኗን እያወቀች «የለም» አለችው። እግሯን አስሮ ብስክሌቱ እጀታ ላይ አንጠለጠላት። ስንዱ በሩን ራሷ ዘጋች፤ የልቧን ያደረሰች መስሏት ነበር።

ቀኑ ሊመሽ ሲል የግቢው ደወል ጮኸ። ሀብተወልድ ነበር። ሀብተወልድ ኡድ ሜታ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ የደሴ ሰው ነው፤ ስንዱ ከቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች። ራሱ ላይ የቅዳሜ ቄጠማውን አስሯል፣ ለእሷም አንድ ዘለላ ይዟል። በሌላው እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«እንኳን አደረሰሽ እትዬ ስንዱ። የታለች ዶሮዋ?»

«የምን ዶሮ?»

«ያንቺዋ ነቻ። መሕቡባ አልነገረችሽም? ከዒድ ጀምሮ እኮ ጨቅጭቃ ገደለችኝ። ሴትየዋ እዚህ አገር ከገባች ሥጋ አልበላችም፣ ለፋሲካ ዋዜማ መጥተህ በሃይማኖታችሁ ባርከህ እረድላት አለችኝ። ቢላዋውንም ከራስህ ይዘህ ና፣ የዚህ ቤት ቢላዋ የኛን ሥጋ የነካ ነው አለች።» ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ አሳያትና ሳቀ። «እስቲ አሁን ይሄን ማን ያስባል?»

ስንዱ የበሩን ፍሬም ያዘች። «ለምን በቁሟ አመጣቻት ታዲያ?»

«እኛ አገር እንደዚያ ነው እንጂ። እስላሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ የታረደ አይልክም፤ ጎረቤቱ እንደማይበላለት ያውቃል። ስለዚህ በቁሙ ይልክለታል፣ ራስህ እረደው ብሎ። እኛም ለእነሱ እንደዚያው ነው። አባቴ ለዒድ ሙክት በቁሙ ነበር የሚልከው።»

በስንዱ አገር ዶሮ በቁሟ የምትመጣው ከገበያ ብቻ ነው። «ቆየኝማ» ብላው ወደ ጓዳ ገባችና ዩኑስ ጋ ደወለች። ከወዲያ ማዶ የድስት ድምፅ፣ የወንዶች ሳቅ ይሰማል። አፏን ሳትከፍት ዩኑስ ቀደማት። «ሹክረን ማማ፣ ሹክረን። ቢሪያኒ ሠራናት። በጣም ጥሩ ነበረች።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ስንዱ የምትለቅመውም አልቀራት። ወጥታ ሀብተወልድን «አመለጠች» አለችው።

ሀብተወልድ የዋህ ሰው ነው። «አትርቅም» ብሎ ጋዜጣውን አስቀምጦ ከአበባው ሥር፣ ከመኪናው ሥር፣ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ሲፈልግ ቆየ። «ቂቂ፣ ቂቂ» እያለ ይጠራታል። ስንዱ ከኋላ ከኋላው እየሄደች፣ የሌለችውን ዶሮ አብራው ፈለገች። በመጨረሻ ቢላዋውን እንደተጠቀለለ ይዞ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሌሊቱን አስቀድሳ ስትመለስ ሁለት ዕንቁላል ጠበሰች። ቁጭ ብላ ባረከችና ጎረሰች፤ አልወርድ አላት። ዕንቁላል ሃይማኖት የለውም ያለችው እሷ ናት። ዕንቁላል እናት ዶሮ እንዳለችው ግን ያን ጠዋት ትዝ አላት። ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ ማንም ባልነበረበት ወጥ ቤት አለቀሰች።

እንግዲህ ሄዳ ይቅር በይኝ ማለት ነበረባት፤ ዐጅማን ሩቅ አይደለም። «ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም» አለች መጀመሪያ። ያም እውነት ነው። «ሹግሉ በኔ ላይ ወድቆ ዕረፍት የለኝም» አለች ቀጥላ። ይሄም ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራ ነበር። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ዕረፍት አንድም ቀን አልጠየቀችም። የፈራችው የተናገረችውን አልነበረም፤ ረኃብ ነው፣ ድካም ነው ብላ ልታልፈው ትችላለች። የፈራችው ዶሮዋን ነው። ዶሮዋን ለዩኑስ ስትሰጥ ራሷ አልዞረባትም፤ ማንም ሳያስገድዳት፣ ልጅቱን ልታናድድ ብላ ነው የሰጠቻት። ይህንን በምን አፏ ትናገረዋለች?

ሳምንቱ ሳምንት እየወለደ ሄደ። ዩኑስ የፊቱን አበባ ነቃቅሎ በጆንያ አወጣው። ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ ፊት የሚለበልብ ሆነ። የኤሲው ቱቦ በባዶው መሬት ላይ ሲያንጠባጥብ ይውላል፤ ስንዱ በዚያ በኩል ማለፍ ትታ ቆሻሻ እንኳ በፊት በር ታወጣ ጀመር። አንድ ቀን ግን የማዳም ትንሿ ልጅ የመሕቡባን ዳቦ አምጪ ብላ አለቀሰች። ስንዱ ልትጋግርላት ከፍ ያለውን መጥበሻ አወረደች። ጨርቁ እንደታሰረ ነበር፣ ቋጠሮው የመሕቡባ ነው። ያን ማታ ማዳምን ዕረፍት ጠየቀቻት። ማዳም «ነገ ሂጂ» አለቻት፤ ሌላ ምንም ሳትል።

ሻርጃ ወረደች። ሮላ የሚባለው ሰፈር ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሰው እየጠየቀች፣ የቁም ዶሮ የሚሸጥበት ደረሰችና ቀይ ዶሮ መረጠች። ሻጩ «ልረድልሽ?» ቢላት «በቁሟ ነው የምፈልጋት» አለችው። በተበሳ ካርቶን ይዛ ታክሲ ብትለምን አንዱም አልቆምላት ብሎ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሾፌር «እግርሽ ሥር አድርጊያት» ብሎ አሳፈራት። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታጠና ሄደች። መሕቡባዬ፣ ይኸው በቁሟ አመጣሁልሽ። ያቺን ያንቺን ለሰው ሰጥቻት ነው፣ አውቄ ነው የሰጠኋት፣ ይቅር በይኝ። ይቺን አሳርጃትና ብዪ፣ እኔ አጠገብሽ ዕንቁላሌን እበላለሁ። እንዲህ ስትለው ቀላል ሆኖ ታያት፤ ይህን ያህል መቆየቷ እስኪገርማት።

የማማ ከቢራን በር የከፈተችላት አስያ ናት፤ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ የከሚሴ ሴት። ካርቶኑን አየች፣ ከቀዳዳው የወጣውን ምንቃር አየችና ምንም ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

«በቁሟ? ለማን ነው?»

«ለመሕቡባ። ስንዱ ነኝ፣ ከሚርዲፍ።»

የአስያ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ማዳም አልነገረችሽም? ኀሙስ እኮ ሄደች። ኮንትራቷ አለቀ፣ እናቷም ታመውባት አልታደስም ብላ አገሯ ገባች።»

ማዳም አልነገረቻትም። ሠራተኛ አገሯ ብትገባ ለሠራተኛ ይነገራል ብላም አላሰበች ይሆናል። ስንዱ ካርቶኑን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች። ባለፈው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ ይህን በር የምትከፍትላት መሕቡባ ነበረች።

አስያ ጎትታ አስገባቻት። «አብሽሪ፣ ቁጥሯ አለኝ፣ እኔ እደውልልሻለሁ» አለችና ስንዱ ቆይ ሳትላት ደወለች። ከማዶው ሲነሣ «ሰው ይዤልሻለሁ» ብላ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ወደ አሮጊቷ ገባች።

«መሕቡባ።»

«እትዬ ስንዱ? አንቺ ነሽ ዋላሂ?» ከኋላዋ ነፋስና የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «ደኅና ነሽ? ጉልበትሽስ? ትንሿ እንዴት ሆነችልኝ?»

«ደኅና ናት። ዳቦሽን እያለች ታለቅሳለች።» ስንዱ ካርቶኑን አቅፋ ያጠናችውን ጀመረች። «መሕቡባዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩሽ...»

«ተዪው እሱን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ዶሮዋን በላሻት?»

ስንዱ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለች መሕቡባ፣ መልሱን ሳትጠብቅ። «በእጅሽ የነካሽውን አልቀምስም ስትዪኝ በጣም ነው የከፋኝ። ስታመም የምታስታምሚኝ አንቺ፣ እንደ እናቴ የማይሽ አንቺ። ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ጠዋት ግን ለራሴ ምን አልኩ፣ በጾም ደክማ ነው፣ ሀብተወልድ መጥቶ ሲነግራት ይገባታል አልኩ። ከበላችልኝ ያ ቃል የቁጣ ነው። ካልበላችልኝ ግን የልቧ ነው አልኩ። የሀብተወልድም ቁጥር ከሲሙ ጋር ቀርቶብኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ነው የከረምኩት። እና በላሻት?»

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። እውነቱን ብትናገር ልጅቱ የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልቧ ነበር የሚለውን። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቢነገር ማን ይሰማዋል? ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች።

«በላኋት» አለች።

«ሙሉዋን?»

«አጥንቷን ሳይቀር።»

መሕቡባ ሳቀች፤ ያው ልጆቹን የሚያስቅ ሳቋ፣ መጨረሻው ላይ እንባ ገባበት እንጂ። «አልሐምዱሊላህ። በቃ፣ ምን ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ ታዲያ፣ እጄን ቀምሰሽልኝ የለም እንዴ። ጣፈጠች?»

«የእናቴን ቤት ነው ያስታወሰችኝ።»

ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ዶሮ ተንፈራገጠችና ጮኸች። «ዶሮ ነው እንዴ የምሰማው?» አለች መሕቡባ።

«የአስያ ናት።»

«ጤና አዳምሽስ? ያን ቀን ሁሉንም ፈጀችብሽ እኮ፣ አፍሬ ነበር።»

«በቅሏል» አለች ስንዱ። «እንደገና በቅሏል።»

ሲሰነባበቱ መሕቡባ ምርቃት አወረደችላት፤ ዕድሜሽ ይርዘም፣ አገርሽ በሰላም ግቢ፣ ከእኔ ቤት ሳትደርሺ እንዳትቀሪ። ስንዱ አሜን አሜን አለች። ስልኩ ሲዘጋ ይቅርታ እንዳገኘ ሰው ደስ አላላትም። ልጅቱ ይቅር ያለቻት ዶሮዋን የበላችውን ስንዱን ነው፤ እዚህ ካርቶን ታቅፋ የተቀመጠችውን አላወቀቻትም። ከእንግዲህም ይቅር በይኝ ብትላት «ምኑን?» ነው የምትላት።

አስያ ተመልሳ መጣች። «ተታረቃችሁ?»

«ታረቅን።»

«ይቺንስ ምን እናድርጋት? እኔ ካሳረድኳት አንቺ አትበዪልኝም።»

«ትኑር» አለች ስንዱ። «ዕንቁላል ትጣልላችሁ።»

ሚርዲፍ ስትደርስ ገና ብርሃን ነበር። ልብሷን ሳትቀይር በወጥ ቤቱ ጀርባ ዞረች። ቱቦው በባዶው አፈር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከነጋዴዋ ዘር የተረፈው በላስቲክ ተቋጥሮ መስኮቱ ላይ ነበር፤ አውርዳው ተንበረከከች። ለመሕቡባ ከነገረቻት ሁሉ እውነት ሊሆን የሚችል የቀረው ይሄ ብቻ ነው። አፈሩን በጣቷ እየሰነጠቀች የጤና አዳሙን ዘር ትጥል ጀመር።

ዩኑስ ብስክሌቱን እየገፋ ሊወጣ ሲል አይቷት ቆመ። «ማማ፣ አሁን ሙቀት ነው። አይበቅልም።»

«አውቃለሁ» አለችው፣ መዝራቷን ሳታቋርጥ።